የወንድሜ የትምህርት ድጋፍ በሁለተኛ ዓመቱ ተያዘ፤ የ2016 ደረሰኝ «አሮጌ ነው» ተባልን

የታይዋን ልጅ (ድሬዳዋ)
ግንቦት 14፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ሻሂ ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ይማራል። አንደኛ ዓመቱን ጨረሰ። የገባው በኮሌጁ በራሱ ድጋፍ ነው። ትምህርቱን፣ መኝታውንና ምግቡን ይሸፍኑለታል። ግን በየሴሚስተሩ ሒሳቡ ላይ 1,050 ዶላር ይመጣል። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባንም፤ አጎቴና እሱ እየተጋገዙ ይከፍላሉ።

አባቴ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ዘንድሮ ወገቡን ታሞ ሱቁን ለቀቀ። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤት ታስረክባለች። የምንኖረው በዚያ ነው።

እኔ ድጋፉ አንዴ ከተሰጠ አራት ዓመት የሚዘልቅ መስሎኝ ነበር። አይደለም ለካ። ለሚቀጥለው ዓመት ፎርሙን እንደ አዲስ ሙሉ አሉን። ሞላን፤ የአባቴን የግብር ደረሰኝም አስተርጉመን ላክን። ትናንት መልስ መጣ። የላካችሁት የግብር ወረቀት የ2016 ነው፤ እኛ የምንፈልገው የ2023ን ነው ይላል። ደግሞ ዓምና የሞላችሁት ገቢና የዘንድሮው አይገናኝም ይላል። ደግሞ አባት፣ እናትና ልጅ የቤተሰብ ስማቸው የተለያየ ስለሆነ ዝምድናቸውን አስረዱ ይላል። እስከዚያ ፋይሉ «ያልተሟላ» ነው፤ የመስከረሙ ምዝገባም ተቆልፏል።

ገቢው ላይ ጥፋቱ የኛ ነው። ዓምና ፎርሙን የሞላልን «ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» የሚል አንድ ልጅ ነው። 6,000 ብር ወሰደ። የአባቴን የወር ገቢ በዓመቱ ቦታ አስገባው። አባቴ በዓመት 14,000 ብር የሚያገኝ ሰው ሆኖ ተመዘገበ። ዘንድሮ ወንድሜ ራሱ ሲሞላ 168,000 ብሎ እውነቱን ጻፈ። እነሱ ታዲያ ገቢያችሁ በአንዴ አሥራ ሁለት እጥፍ የሆነው በምን ተአምር ነው ቢሉ ይፈረድባቸዋል?

እናቴ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። የሚያውቅ ይርዳን።


ደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)
ግንቦት 14፣ ማታ 2፡58

አቦ! የ2016 ደረሰኝ እኮ ገና ቀለሙ አልደረቀም። እነሱ ወንድምሽ አራተኛ ክፍል እያለ የተከፈለ ነው የመሰላቸው።

ፋፍሳ የሚባል የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ድጋፍ መጠየቂያ ፎርም አለ ሲሉ እሰማለሁ፤ እሱን ለምን አትሞሉም?


ሸዋ በር (ሐረር)
ግንቦት 14፣ ማታ 4፡05

ፋፍሳ ለአሜሪካ ዜጎችና እንደ ግሪን ካርድ ያለ መኖሪያ ላላቸው ነው። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ከመንግሥታቸው ሳንቲም አያገኝም፤ ያለው የኮሌጁ የራሱ ካዝና ብቻ ነው። ለዚህ ነው ኮሌጁ እንዲህ የሚጨቀጭቀው።

እህቴ፣ አይዞሽ። ይሄ የሚፈታ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ተምሬ ተመልሻለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በየሚያዝያው ይሄን ወረቀት ስገፋ ነበር። የአራቱን ዓመት አንዴ ወስነው የሚሰጡ ኮሌጆችም አሉ፤ የናንተ ግን በየዓመቱ ከሚጠይቁት ነው።

መጀመሪያ ዛሬውኑ ኢሜይል ይጻፍ። አንቺ ሳትሆኚ እሱ። እሱ ካልፈቀደ በቀር ስለ ፋይሉ ከአንቺ ጋር አይነጋገሩም። አምስት መስመር ይበቃል። ደብዳቤው ደርሶኛል፣ ወረቀቶቹን አስተካክዬ በዚህ ቀን እልካለሁ፣ እስከዚያ የምዝገባው ቁልፍ ይነሳልኝ። ቀኑን ቁርጥ አድርጎ ይጻፍ። ዝም ያለ ተማሪ ፋይሉ ከሥር ይገባል፤ ያናገራቸው ልጅ ከላይ ይቆያል። እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሙሉ ወረቀት ካልያዝኩ አልጽፍም ብዬ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ስመለስ የምፈልገው መኝታ ክፍልም፣ የምፈልገው ኮርስም አልነበረም።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ የተሳሳተው ተርጓሚው ነው። «ሐምሌ 2016» የሚለውን እንዳለ ገልብጦ አስቀምጦታል። በነሱ አቆጣጠር ጁላይ 2024 ነው። ተመልሰሽ ሂጂና ሁለቱንም ያስፍር፤ የኛውን እንዳለ፣ ከጎኑ የነሱን። ለዚህ ብር እንዳትከፍይው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የኛ በጀት ዓመት የሚገባው ሐምሌ 1 ነው። የነሱ ደግሞ ጃንዋሪ 1። ስለዚህ የነሱ 2023 ግማሹ የኛ 2015 ላይ፣ ግማሹ 2016 ላይ ይወድቃል። የሁለቱንም ዓመት ደረሰኝ አብረሽ ላኪ። ከላይ አንዲት አጭር ማብራሪያ ይኑርበት። አንዴ ከገባቸው በየዓመቱ አይጠይቁም።

ስሙ ቀላል ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ከልጁ ስም ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ የአያት ነው፣ ሴትም ስታገባ ስሟን አትቀይርም ብሎ ይጻፍ። የሁለቱም ወላጆች ስም ያለበትን የልደት ምስክር ወረቀት አያይዙበት።

ወደ ገቢው ልምጣ። እባክሽን 14,000ዋን ለማዳን ብለሽ 168,000ውን እንዳትቀንሺ። ዓምና የወሩ በዓመቱ ቦታ ገብቷል፣ ትክክለኛው ይሄ ነው፣ ይቅርታ በሉ። በቃ። በ2023 ዶላር 55 ብር ገደማ ነበር። 168,000 ብር 3,000 ዶላር አካባቢ ነው። የሚያስተምሩት ልጅ በዓመት ስልሳና ሰባ ሺህ ዶላር የሚያስወጣቸው ሰዎች ለሦስት ሺዋ አይደነግጡም። የሚያስደነግጣቸው ሁለት ወረቀት ሲጣላ ነው። የምትሞሉት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን፣ ኮሌጆች የቤተሰብ ገቢ የሚጠይቁበትን ፎርም ከሆነ ደግሞ በብር ሙሉት፤ ራሳችሁ ወደ ዶላር እንዳትመነዝሩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። በዛሬው ዋጋ ብትመነዝሪው ሌላ ሦስተኛ ቁጥር ይወለዳል።

የአባትሽ መታመም ከዚህ ጋር አይደባለቅ። የ2023ን ገቢ እንደነበረው አስቀምጡና በሌላ ደብዳቤ «ከዚያ ወዲህ ይሄ ተለውጧል» በሉ። የሐኪም ማስረጃና የንግድ ፈቃዱ የተመለሰበት ወረቀት ካለ ይያያዝ።

ከቀበሌ ደብዳቤ የምታወጪ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። እኔ አንደኛ ዓመት ላይ ስለ እናቴ ያወጣሁት እስካሁን ያስቀኛል። ጸሐፊዋ ሻሂዋን ፉት እያለች «ምን ብዬ ልጻፍልህ?» አለችኝ። «እንዳለው» አልኳት። «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰብ የቀበሌያችን ነዋሪና አቅመ ደካማ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ብላ ማኅተሟን መታችበት። ተርጓሚው «አቅመ ደካማ»ን ሰውነቷ የደከመ ብሎ ተረጎመው። ቢሮው ስለ እናትህ ጤና በጣም አዝነናል ብሎ ጻፈልኝ። እናቴ ፈረስ መጋላ ላይ የቅመም ጆንያ ብቻዋን የምታነሳ ሴት ናት።

ድሃ ናቸው የሚል ደብዳቤ እዚያ ምንም አይሠራም። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ ማን ምን ይሠራል፣ በወር ስንት ያገኛል፣ የቤት ኪራይ ስንት ነው። ይሄ ይጻፍበት።


ሳቢያን (ድሬዳዋ)
ግንቦት 15፣ ጠዋት 1፡20

ሰው አይቀየመኝና፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? እዚሁ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ወጪ መጋራት ፈርሞ፣ ማታ ማታ እናቱ ቤት እራቱን እየበላ አይማርም? በየዓመቱ ለነጭ ድህነትህን ማስረዳት ይደብራል።


ደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)
ግንቦት 15፣ ጠዋት 1፡31

አንተ ደግሞ። ልጁ አንድ ዓመት ጨርሷል እኮ፤ ከመንገድ ላይ ይመለስ ነው የምትለው?


ጋሼ መዝገብ (ሐረር)
ግንቦት 15፣ ጠዋት 3፡10

ልጆች፣ እኔ ሬጅስትራር ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሳቢያኑ ልጅ ያለው ነውር የለበትም። ነገር ግን እዚህ ያለው ወረቀት የለውም ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል።

ወጪ መጋራት በ1996 ሲጀመር ተማሪው ነፃ ትምህርት ቀረ ብሎ አዘነ። ሲቆይ ደግሞ ተረሳና ሁሉም እንደ ነፃ ቆጠረው። ዕዳ ነው። የምግቡና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶው በስምህ ይመዘገባል። በየዓመቱ ውል ትፈርማለህ። ሥራ ስትይዝ ከደመወዝህ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመለሳል። ተማሪው ሲፈርም ምን እንደሚፈርም አያነብም። በአንድ መስኮት ሁለት መቶ ልጅ ተሰልፎ ማን ያነባል? ኮፒውንም የሚጠይቀኝ ከመቶ አንድ አይገኝም ነበር።

አንድ ልጅ ከተመረቀ ዘጠኝ ዓመቱ መጣ። ውጭ አገር ማስተርስ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቷል። ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክለት ይፈልጋል። ወጪ መጋራቱን ስለ መክፈሉ ማስረጃ አምጣ ተባለ። የግል ድርጅት ነበር የሚሠራው። በየወሩ ከደመወዙ ሲቆረጥ ኖሯል፤ የደመወዝ ወረቀቱ ላይም አለ። ወደ ገቢዎች ሲኬድ ግን በስሙ የገባ ብር የለም። ድርጅቱ የቆረጠውን የት እንዳደረሰው የሚናገር ጠፋ። ልጁ ከኪሱ እንደገና ከፈለ። የተቀጠረለት ቀን ሊያልፍ አራት ቀን ሲቀረው ነበር ትራንስክሪፕቱ የወጣው።

እንግዲህ ደመወዛችሁ የሚቆረጥባችሁ ልጆች፣ በየዓመቱ ገቢዎች ሄዳችሁ በስማችሁ መግባቱን አረጋግጡ። ውሉንም የፈረማችሁ ዕለት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ለአንቺ ልጄ፣ የሐረሩ ልጅ የነገረሽ ትክክል ነው። የአባትሽን ደረሰኝ ስትልኪ ዋናውን ከእጅሽ አታውጪ።


ሳቢያን (ድሬዳዋ)
ግንቦት 15፣ ጠዋት 3፡26

ጋሼ፣ እኔም ከተመረቅኩ አምስት ዓመቴ ነው። ይቆረጥብኛል። አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም። ሰኞ እሄዳለሁ። አመሰግንሃለሁ።

(«አንተ» ያልኩህ በድሬ ወግ ነው፣ እንዳትቀየመኝ።)


ጋሼ መዝገብ (ሐረር)
ግንቦት 15፣ ጠዋት 3፡40

ድሬ እግዚአብሔርንም ንጉሥንም «አንተ» ነው የሚለው። ለምጄዋለሁ።


የሐረር ልጅ ቱርክ
ግንቦት 15፣ ቀን 8፡15

ስለ ደላላው ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ነፃ ነው። በየዓመቱ ብዙውን ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ድረስ በራሳቸው ድረ ገጽ ይከፈታል። ለዲግሪ ከ21 ዓመት በታች መሆን፣ ውጤትም ቢያንስ 70 በመቶ፣ ለሕክምና 90። ከዚህ ውጭ «ቦታ አለኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

ያገኛችሁ ደግሞ አትዘናጉ። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቱርክኛውን ሲ-1 የሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ማድረስ አለባችሁ። ከእኔ ጋር የነበረ ልጅ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቱርክኛው ለይስሙላ መስሎት ፈተናውን ወደቀ። ጭንቀቱን አይቼዋለሁ፤ በስንት ልመና ነው የቆየው።


ሚኒሶታ ድሬ
ግንቦት 15፣ ማታ 12፡50

እዚህ ገና ጠዋት ነው፤ ሥራ ከመግባቴ በፊት ልጻፍ። የለገሀር ልጅ ነኝ፤ የአክስቴን ልጅ በዚሁ ነገር ሳሯሯጥ ስለኖርኩ አውቀዋለሁ።

የታይዋን ልጅ፣ ያ 1,050 ዶላር ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ግብር ነው!

ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የሚሰጥ ድጋፍ ግብር የለበትም። ለመኝታና ለምግብ የሚሰጠው ግን እዚህ እንደ ገቢ ይቆጠራል። በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ላይ ኮሌጁ 14 በመቶ ይቆርጣል። ከአገራችን ጋር የግብር ስምምነት ስለሌለ ማምለጫ የለም። በሴሚስተር ለመኝታና ለምግብ 7,500 ዶላር ከሰጡት 14 በመቶው ልክ 1,050 ነው። ሒሳቡን ስሠራው ሳቄ መጣ።

ግን ስሚኝ። 14ቱ ቅድሚያ የሚያዝ ነው እንጂ የመጨረሻው ግብር አይደለም። የመጨረሻው የሚሠላው በዓመቱ ነው። የመጀመሪያው እርከን 10 በመቶ ስለሆነ በ2024 አንድ ሴሚስተር ብቻ የተማረ ልጅ ላይ 750 ገደማ ነው የሚወጣው። የቀረው ይመለሳል። መጠየቂያው 1040-ኤንአር የሚባል ፎርም ነው። ቀኑ ኤፕሪል 15 ነበር፤ በኛ ሚያዝያ 7። አልፏል፤ ግን ተመላሽ ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ስላለው አይደናገጥ። ኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄዶ የተሰጠውና የተቆረጠበት የተጻፈበትን 1042-ኤስ የሚባለውን ወረቀት ይጠይቅ። ካምፓስ ውስጥ የሠራበት ደመወዝም አብሮ ይገባል።

ሌላው ድጋፉን ስለማቆየት ነው። የአክስቴ ልጅ ካልኩለስ ከበደውና ለማንም ሳይናገር ኮርሱን ጣለ። ከ12 ክሬዲት ወደ 9 ወረደ። በተማሪ ቪዛ ከ12 በታች ያለ ፈቃድ መውረድ የቪዛህን ሁኔታ ራሱ ያበላሻል። ድጋፉም ተንጠለጠለ። አማካሪውን ቀድሞ አናግሮ ቢሆን ሌላ ኮርስ ይተኩለት ነበር። የፈራው ነገር ምን መሰላችሁ? እናቱ እንዳትሰማ! ድሬ ያለች እናቱ ካልኩለስ ምን እንደሆነ አታውቅም።

አብዛኛው ኮሌጅ 2.0 አማካይ ነጥብ ይፈልጋል፤ ከተመዘገብክበት ክሬዲት ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን መጨረስ። የወንድምሽን ኮሌጅ የራሱን ልክ ይጠይቅ፤ ከዚህ የሚከብድም አለ። ሥራ በትምህርት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ ካምፓስ ውስጥ ብቻ። ምግብ ቤት አጥበህ በጥሬ ገንዘብ እከፍልሃለሁ የሚል አገር ልጅ ይመጣል። ይሽሽ።

የጤና ኢንሹራንሱንም ይይ። ብዙ ቦታ ድጋፉ ውስጥ አይገባም፤ ነሐሴ ላይ በድንገት ሒሳቡ ላይ ይወጣል።


የታይዋን ልጅ (ድሬዳዋ)
ግንቦት 15፣ ማታ 2፡05

ሚኒሶታ ድሬ፣ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነው ያነበብኩት። ወንድሜን ደወልኩለት። «አዎ፣ ታክስ የሚል ነገር አይቻለሁ፣ ሁሉም የሚከፍለው መስሎኝ ነው» አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ!

ኢሜይሉን ልኳል። ቀኑን ግንቦት 24 ብሏል።


ሸዋ በር (ሐረር)
ግንቦት 15፣ ማታ 2፡30

እኔም ስከፍል ኖሬ ይሄን ተመላሽ የሚባል ነገር ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ነው የሰማሁት። አሁን ዝም ብል ይሻላል።


የታይዋን ልጅ (ድሬዳዋ)
ሰኔ 3፣ ማታ 3፡15

ጠፋሁባችሁ፤ ይቅርታ። ሙሉውን ልንገራችሁ።

ተርጓሚው መጀመሪያ «እኔ የምተረጉመው እንደተጻፈው ነው» ብሎ ደረቀ። እንደ አዲስ ክፈይ አለኝ። አንድ ደንበኛ ተቀምጦ ነበር፤ ሽማግሌ ሰውዬ። «አንተ፣ እኔ 1948 ነው የተወለድኩት ብልህ እንደ ፈረንጅ ልትቆጥርብኝ ነው?» ሲለው ሳቀና ሠራው። በነፃ።

የንግድ ፈቃዱ ጉዳይ አደከመን። አባቴ ሱቁን ዘጋ እንጂ ፈቃዱን አልመለሰም ነበር። ለመመለስ ደግሞ መጀመሪያ የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል። ለዚያ ብቻ አራት ቀን ተመላለስኩ፣ በዚህ ሙቀት። ባለባጃጁ በመጨረሻ አዘነልኝና ሒሳብ አልቀበልም አለ። ወረቀቱ ለግንቦት 24 አልደረሰም። ወንድሜ ያለውን ላከና «ይሄኛው በሚቀጥለው ሳምንት» ብሎ ጻፈ። ምንም አላሉትም።

የቀበሌውን ደብዳቤ ሸዋ በር እንዳልከው በቁጥር አስጻፍኩት። ጸሐፊው እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም አለ፤ ግን ጻፈ።

ከዚያ ያልጠበቅነው መጣ። ቢሮው የእናቴን ገቢም ጠየቀ። ዓምና ደላላው «የቤት እመቤት» ብሎ ዜሮ አድርጎት ነበር። እናቴ ደግሞ ስንት እንደምታገኝ ተጠይቃም ቆጥራም አታውቅም። ማታ ቁጭ አልን። በቀን 60 እንጀራ። እኔ በስልኬ ካልኩሌተር፣ እሷ በጣቷ። ጤፉን ቀነስን፣ ማስፈጫውን ቀነስን፣ እንጨቱን ቀነስን፣ የሚሰበረውንና ሳይወሰድ የሚያድረውን ቀነስን። የቀረውን ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «ደግመሽ ምቺው» አለችኝ። ደገምኩት። ያው ነው። «ለካ ለእንጨት ሻጩ ነው የምሠራው» አለች። በማግስቱ ለሁለቱም ምግብ ቤቶች ዋጋ ጨመረች። አንዱ ተቀበለ፣ አንዱ እያኮረፈ ነው።

ትናንት መልስ መጣ። ድጋፉ እንዳለ ቀጥሏል፤ ምዝገባውም ተከፍቷል። ስለ አቆጣጠሩ የጻፍነውን ማብራሪያ ለሌሎች የኢትዮጵያ ተማሪዎች ፋይል እናስቀምጠው ወይ ብለው ጠየቁት። ኢንሹራንሱን ግን አልሸፈኑም፤ ነሐሴ ላይ መከፈል አለበት። የግብሩን ፎርም ልኳል። 300 ዶላር ገደማ ይመለስልኛል ብሏል፤ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም።


ሚኒሶታ ድሬ
ሰኔ 3፣ ማታ 4፡40

ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለኢንሹራንሱ አይጠብቁት። ቢሮውን በወር በወር ከፍዬ ልጨርስ ብሎ ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ግን ሂሳቡ ሳይወጣ አሁኑኑ ይጠይቅ።


ሳቢያን (ድሬዳዋ)
ሰኔ 4፣ ጠዋት 2፡00

እኔም ገቢዎች ሄድኩ። የሦስት ዓመቱ ገብቷል፣ የሁለቱ የለም። ጋሼ፣ አለህ? ከመሥሪያ ቤቱ ምን የሚል ደብዳቤ ነው የማስጽፈው?


ጋሼ መዝገብ (ሐረር)
ሰኔ 4፣ ጠዋት 3፡30

አለሁ። የጎደሉትን ወራት ከነ ዓመተ ምሕረታቸው ዘርዝርና የደመወዝ ወረቀቱን ኮፒ ይዘህ ሒሳብ ክፍሉን «ገቢ ያደረጋችሁበትን ደረሰኝ ቁጥር ስጡኝ» በላቸው። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስገባ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጡህ። ከዚያ የሰጡህን እዚህ ጻፍልኝ።